አሚን ያላልኩበት ጋሪ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሀናን ከወልቂጤ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ፊቷን አያለሁ ብዬ ስጠብቅ የመኪና ወንበር ታሳየኛለች። እሷና ባሏ ሬድዋን ያገለገለ ሚኒባስ ሊገዙ ነው፤ እሱ ሊነዳ፣ እሷ ሂሳብ ልትቀበል።

«እማ፣ ይቺኛዋ ጠበብ ትላለች፤ ግን ነዳጅ አትበላም። ያቺኛዋ ደግሞ ሰፊ ናት፤ ግን ትንሽ አርጅታለች። የቷን እንግዛ?» ትለኛለች።

እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ! የማውቀው ፈረስ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከኋላው። «ሁለታችሁም ትሳፈሩበታላችሁ?» አልኳት።

«እንዴ እማ! አብረን ልንሠራ አይደል እንዴ የምንገዛው?» ብላ ሳቀችብኝ። ለእሷ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው። ስልኩ ሲዘጋ ሻይዬን ረስቼ አቀዘቀዝኩት። ባሌ ነስሩ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጋሪ የገዛበት ቀን መጣብኝ።

ነስሩን ያገባሁት ክረምቱ ወጥቶ በርበሬው መቅላት ሲጀምር ነው። የምንኖረው መስቃን ገጠር፣ እናቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ነስሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል። ወደድኩት። ምን እደብቃለሁ አሁን በዚህ ዕድሜዬ!

በእኛ አገር ወንድ ልጅ አግብቶ ብዙ አይቀመጥም። ንግድ ይዞት ይሄዳል፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ እግሩ ያደረሰው ድረስ። ሚስት እንሰቷን ትተክላለች፣ አማቷን ታገለግላለች፣ ትጠብቃለች። ሰውየው ለአረፋ ይመጣል። እናቴም አባቴን የምታውቀው በአረፋ በአረፋ ነበር። ሲመጣ ቤቱ ይሞላል፤ በቡላና በቅቤ የተሠራ አተካና ይቀርባል፣ በሬ ይታረዳል፣ ከሻንጣው ለእኛ ጫማ፣ ለእሷ ሻሽ ይወጣል። ከዚያ ደግሞ ይሄዳል። አንድ ዓመት፣ ገና ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ግቢ ሲገባ እንግዳ መስሎኝ እንሰቱ ውስጥ ተደብቄያለሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ሲሄድ ግን ለብዙ ቀን ድምፅዋ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ ሳገባ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ እንደ እናቴ ባል ስጠብቅ አልኖርም። ይህን ለማን እንደምናገረው ግን አላውቅም። የዚያን ጊዜ ሙሽራ አፍ የላትም።

አንድ ቀን ነስሩ «ጋሪ ልገዛ ነው» አለኝ። «በርበሬ ጭኜ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ፤ እንሴኖ፣ ቆሼ፣ ቀላ። አንቺ እዚህ እናቴ ጋ ትሆኛለሽ።»

«መቼ መቼ ትመጣለህ?»

«ሲመቸኝ» አለና ፊቴን አይቶ ሊያጽናናኝ ፈለገ። «ለአረፋማ የት እቀራለሁ!»

በዚህ ተጽናኚ ተባልኩ እንግዲህ!

ጋሪው ሲመረጥ እኔም እንድሄድ የተፈቀደልኝ እናቴ የሰጠችኝ ጊደር ለግዢው ስለተሸጠች ነው። «ትሂድ፤ ጊደሯ ምን እንደሆነች አይታ ትምጣ» አሉ አማቴ። በጠዋት በእግራችን ወጣን። ጤፉ ቢጫ እያለ ነበር፤ የክረምቱ ጭቃ ጎማ እንደሄደበት ደርቆ ቀርቷል። ቡታጅራ ገበያ ስንደርስ የበርበሬው ሽታ ያስነጥሰኝ ጀመር። ነስሩ ሸንኮራ ገዝቶ በጉልበቱ ሰበረና የሥሩን ወገን፣ ጣፋጩን ለእኔ ሰጠኝ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ለአረፋ ብቻ ይሰጡኛል ብዬ ተናደድኩ። ሸንኮራዬን እየበላሁ ወላሂ እንባዬ መጣ።

የሚሸጡት ጋሪዎች ከገበያው ጀርባ አንድ ዋርካ ሥር ይቆማሉ። ለእኛ አቅም የሚሆኑት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጠባብ፣ ቀላል፣ አዲስ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፤ ፊት ለፊት አንድ ሰው ይቀመጥበታል፣ ከኋላ ጆንያ ይደረደርበታል፣ አለቀ። ሁለተኛው የአባባ ከድር ጋሪ ነው። ያረጀ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ግን አልጋ የሚያህል ሰፊ፤ ጎንና ጎኑ በሳንቃ የተከለለ፣ ከላይ ሸራ የሚወጠርበት ብረት ያለው። አባባ ከድር ከሚስታቸው ከእማማ ሩቂያ ጋር ጨርቅ እየሸጡ ዕድሜያቸውን የገፉበት ነው፤ ጉልበታቸው እምቢ ቢላቸው ለሽያጭ አወጡት። እማማ ሩቂያ እዚያው ጋሪው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ላየው ሰው እሳቸውም አብረው የሚሸጡ ነው የሚመስለው።

«ይሄ እኮ ጭቃ ላይ አይገለበጥም ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ስፋቱ ነው የሚይዘው። ልጆቼን ይዤ ስንት ዝናብ አሳልፌበታለሁ።»

ነስሩ ሰፊውን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው። «ከባድ ነው፤ ፈረስ ያደክማል» አለ። «ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?»

ለአንድ ሰው! ቆሎ የሚቆረጥሙት እማማ ሩቂያ እንኳ ቀና ብለው አዩኝ።

ደላላው ሰማያዊውን «ይሄኮ አይሄድም፣ ይበርራል!» እያለ ሲያሞግስ ዋጋው ቶሎ አለቀ። በእኛ ዘንድ ግዢ የሚታሰረው በዱዓ ነው። ከቆሙት መሃል በዕድሜ የሚበልጠው ሰው እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ ሌላው አሚን ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳብ መለወጥ ነውር ነው። እዚያ ዋርካ ሥር በዕድሜ የሚበልጡት ማን ሆኑ መሰላችሁ? አባባ ከድር! የእሳቸው ጋሪ ሳይሸጥ ቆሞ የሌላውን ሽያጭ ሊመርቁ ነው። ቅርም አላላቸው፤ እጃቸውን ዘረጉ።

«አላህ በረካ ያድርግበት።»

«አሚን!»

«ከመንገድ ክፉ ይጠብቀው።»

«አሚን!»

«በሰላም ወጥቶ በሰላም ይግባ።»

«አሚን!»

እኔም እጄን ዘርግቻለሁ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ለዚያ ምርቃት አሚን ማለት፣ ውጣ፣ ሂድ፣ ተወኝ ማለት መሰለኝ። በአላህ ፊት ደግሞ ልቤ የማይፈልገውን እንዴት አሚን ልበል?

አባባ ከድር ምርቃታቸውን አቋርጠው አዩኝ። «ይቺ ልጅ አሚን አላለችም» አሉ።

«አፍራ ነው አባባ፤ ሙሽራ ናት። ይቀጥሉ!» አለ ደላላው።

«ጊደሯ ተሽጣ አይደል የምትገዙት? እሷ አሚን ሳትል ዱዓ አልዘጋም።»

«አሃ! የራስዎ ጋሪ እንዲሸጥ ነዋ!» ብሎ ደላላው ሳቀ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሽማግሌው። ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ተናገሪ» አሉኝ።

መሬት መሬቱን እያየሁ ተናገርኩ፤ ግን የቆመው ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። «እናቴ አባቴን የምታየው ለአረፋ ለአረፋ ነው። እኔ ባሌን በዓመት አንዴ እንደ እንግዳ መቀበል አልፈልግም። ጠባቡን ከገዛ እኔ የምቀመጥበት የለም።»

ሱብሃነላህ! ምን ዓይነት አፍ ነው ያወጣሁት? ወሬኛው ደላላ እንኳ ወደ ነስሩ ዞረ። የነስሩ ጆሮ እንደ መስቃን በርበሬ ቀላ። አለቀልኝ አልኩ፤ ዛሬውኑ ወደ እናቴ ቤት መላኬ ነው።

ነስሩ ወደ ሰፊው ጋሪ ሄደ። «እማማ፣ ትንሽ ቢወርዱልኝ» አላቸው። ደግፎ አወረዳቸው። ጫማውን አወለቀና ወጣ፣ ሳንቃው ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ገበያተኛው መሰብሰብ ጀመረ። እሱ ሰማይ ሰማዩን እያየ ትንሽ ቆየና፣ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ጠጋ አለ። የተረፈውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ነይ ሞክሪው ቢለኝ እዚያው በሞትኩ ነበር፤ ደግነቱ አላለኝም።

ወርዶ ጫማውን እያጠለቀ «ፈረሱ ይለምደዋል» አላቸው ለአባባ ከድር።

እማማ ሩቂያ ቆሎውን በትነው እልልታቸውን አቀለጡት። ዱዓው እንደገና ተጀመረ። ያን ጊዜ ያልኩት አሚን ዋርካው ላይ የነበሩትን ወፎች ሳያስነሳ አልቀረም።

አማቴ ለአንድ ወር ያህል ፊት ነሱኝ። ከባሏ ጋር ገበያ ለገበያ የምትዞር ሙሽራ ማን አይቶ! ኋላ ግን አንድ ጠዋት ልንወጣ ስንል «ከእንሴኖ ሎሚ ግዢልኝ» አሉኝ፤ በዚያው ታረቅን።

ከዚያ ወዲያማ ኑሯችን መንገድ ሆነ። ቆሼ ላይ ከፍም የወጣ በቆሎ፣ ቀላ ላይ ትኩስ ወተት፣ በክረምት ሸራውን የሚደበድብ ዝናብ። ሰው ፊት ዝምተኛው ነስሩ ሸራው ሥር ከገባ ወሬው አያልቅም ነበር። ጠባብ መንገድ ላይ ስንቀረቀር «የአንቺ ጋሪ!» እያለ ይነጫነጫል፤ ሜዳ ላይ ስንወጣ ደግሞ «ጋሪያችን» ይላል። የሀናን እናት መቆም የተማረችው የጋሪውን ሳንቃ ይዛ ነው። ተጣልተናል፣ ኩርፊያም ነበር፤ ግን ጋሪ ላይ ተኳርፎ የት ይኬዳል? ቡታጅራ ሱቅ ከፍተን ስንቀመጥም ከአንድ ባንኮኒ ጀርባ ነበርን።

ነስሩ በሞተ በዓመቱ አረፋ ደረሰ። እንደ ወትሮው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው መናኸሪያውን ሞላው፤ ከየቤቱ ሳቅ ይሰማል። እኔ ካገባሁ ወዲህ ለአረፋ መንገድ አይቼ አላውቅም። የምጠብቀው ሰው ሁልጊዜ አጠገቤ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሥራዬን ትቼ ደጅ ላይ ወጥቼ ቆሜያለሁ። ለምን እንደወጣሁ ለራሴም አልገባኝም። አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ሻንጣ ይዞ በመታጠፊያው ብቅ ሲል ልቤ ዘለለ። ሰላም ብሎኝ አለፈ፤ የጎረቤት ልጅ ነው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቻለችውን እኔ አንድ ከሰዓት አልቻልኩትም። በሩን ይዤ አለቀስኩ። ያዩኝ ሰዎች ለነስሩ መሰላቸው፤ ለእሱም ነበር። ይበልጡን ግን ለእናቴ ነው። እንዲህ በሩን ይዛ ስትቆም አጠገቧ እጫወት ነበር፤ ምን እንደሆነች አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።