ሙላቴ በሚካኤል ቀን ያላጠበቀው ብሎን

ሙላቴ ከደብረ ታቦር ጋሳይ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። መስታወቱ ላይ ሦስት ሥዕለ አድኅኖ ለጥፏል፤ መሪውን ሳይሳለም አይነሳም። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ማየት ግን ሞቱ ነው። በበዓል ቀንማ ጭራሽ አይነካውም። ለምን ቢሉት «መንዳት ሰው ማገልገል ነው፤ መፍቻ መያዝ ግን ሥራ ነው» ይላል። እስቲ ይታያችሁ! ቀኑን ሙሉ ሲከንፍ መዋል ሥራ አይደለም፤ አንዲት ብሎን ማጥበቅ ግን ሥራ ሆነች! እንዲህ የሚያስቡ ሾፌሮች ዛሬም ሞልተዋል። ከኋላቸው የጫኑት ነፍስ ሳይሆን ጆንያ ይመስላቸዋል።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ከሚኒባሱ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አየ። ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከራዲያተሩ ጋር የሚገናኘውን የጎማ ቱቦ የሚያስረው የብረት ቀለበት ላልቷል። ካቻቢቴ ይዞ ብሎኗን ሁለት ዙር ማዞር ብቻ ነበር። «ነገ» አለና ተነሳ።

ከቀትር በኋላ ከጋሳይ ሲመለስ መንገድ ዳር ቃሬዛ ያስቀመጡ ሰዎች አስቆሙት። ከጉና ተዳፋት በትከሻ ተሸክመው ያወረዷት ፈንታነሽ የምትባል ሴት ነች። ምጥ ከያዛት ሌሊቱ አልፎ ቀኑም ተጋምሷል። ጤና ኬላ ያለችው ነርስ «ቶሎ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም ታጣላችሁ» ብላቸዋለች። ተሳፋሪው ተጠጋግቶ የኋላውን ወንበር ለቀቀላት።

ጥቂት እንደሄዱ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ነካ። ሙላቴ አይቶ እንዳላየ ነዳጁን ረገጠ። ከጎኑ የተቀመጡት ጋሽ ዩኑስ ግን አዩ። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው አሁን ገበያው ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው።

«አቁም!»

«ጋሽ ዩኑስ፣ ምጥ ላይ ናት እኮ! እንደምንም እደርሳለሁ።»

«በምን ትደርሳለህ? ሞተሩ ተቃጥሎ በእግርህ? አቁም ብዬሃለሁ!»

አቆመ። ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። የራዲያተሩን ክዳን ሊይዝ እጁን ሲሰድ ጋሽ ዩኑስ ክንዱን ያዙት።

«ፊትህን ልትቀቅል ነው? ሳይበርድ አይከፈትም!»

ቆመው ጠበቁ። ከውስጥ የፈንታነሽ ሲቃ ይሰማል። ሙላቴ ሲቃው በመጣ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ጋሽ ዩኑስ አንገታቸውን አስገብተው የላላውን ቀለበት አገኙት።

«ይህን ጠዋት አላየኸውም?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አይቼዋለሁ» አለ። «ሚካኤል ነውና ብረት አልነካም ብዬ...»

ጋሽ ዩኑስ ወደ ቄስ አድማሱ ዞሩ። ቄስ አድማሱ የሙላቴ ነፍስ አባት ናቸው፤ ቅዳሴ ቀድሰው፣ ከተማ ለተኛ በሽተኛ ጠበል ይዘው ነበር የተሳፈሩት።

«አባ፣ ይህ የእርስዎ ልጅ ነው። እኔ ከተናገርኩ ነገር ይበላሻል።»

«እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኩህ?» አሉ ቄሱ፣ ቆባቸውን እያስተካከሉ። «በሬህ ዛሬ ገደል ቢገባ፣ በዓል ነውና እዚያው እደር ትለዋለህ? በል ካቻቢቴህን አምጣ!»

ሙላቴ በራሱ እጅ አጠበቀው። ሁለት ዙር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሞተሩ በረደ፤ የሚጨመር ውሃ ግን የለም። ወንዙ ከመንገዱ ሩቅ ነው። ያለው የቄሱ አምስት ሊትር ጠበል ብቻ ነው። ሁሉም ጄሪካኑን አየ።

«እኔ እንኳ አልነካውም፣ አባ» አሉ ጋሽ ዩኑስ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቄስ አድማሱ የጄሪካኑን ክዳን ፈቱ። «ለበሽተኛው ነገ ይቀዳለታል። ይህችን ግን ነገ አናገኛትም።»

«እንግዲያው ቀስ ብለው ያፍስሱት፣ አባ፤ ቀስ!» አሉ ጋሽ ዩኑስ።

መርፌው ወረደ። ሆስፒታል ደረሱ። ፈንታነሽ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ተረፉ። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ሲል ሙላቴ ሰማ። ትንሹን መዘግየት ያመጣው ማን እንደሆነ ያውቃልና በሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ማልቀስማ ይቀላል፤ እኔ የማመሰግነው በማግስቱ ያደረገውን ነው።

በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ ጠረገና መልሶ ከትቶ አየ፤ ውሃውን አየ፤ ቺንጊያ የሚባለውን የሞተር ቀበቶ በጣቱ ተጫነ፤ ጎማዎቹን ዞሮ ዳሰሰ፤ በመጨረሻም ተንበርክኮ ከሥር የሚንጠባጠብ እንዳለ ፈተሸ። ከዚያ ወዲህ ፋሲካም ይሁን ጥምቀት አንድ ቀን አልዘለለም።

በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ቄስ አድማሱን ይሳለምና አንድ ጆንያ የጉና ድንች ተሸክሞ ጋሽ ዩኑስ ሱቅ ይገባል።

«እድሜ ይስጥልኝ፣ ጋሽ ዩኑስ።»

«ድንቹን ተወውና፣ ዛሬ ዘይቱን አይተሃል?»

ሙላቴ ከኪሱ በዚያው ጠዋት የዘይቱን መለኪያ የጠረገበትን ጨርቅ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ይዘረጋል። ሽማግሌው ያነሱታል፣ ወደ ብርሃን አድርገው ያዩታል፣ ያሸቱታል።

«በል፣ ድንቹን አስገባ» ይላሉ።