ታማኙን ውርርድ ቤት የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ቶሌራ መጀመሪያ ያሳዩኝ ኮምፒውተሩን ሳይሆን ጄኔሬተሩን ነበር። «መብራት ሲሄድ ሰው ይናደዳል። ጨዋታ መሀል ከሄደ ደግሞ እኛ ያጠፋነው ይመስለዋል» አሉኝ። ገመዱን ስቤ ማስነሳት እስክችል ድረስ ወንበር ላይ አላስቀመጡኝም።

ቤቷ አሶሳ መናኸሪያ አካባቢ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ኳስ በኢንተርኔት ለሚያወራርዱ ለተለያዩ ድርጅቶች ወኪል ነበርን። እኔ ካሸር ነኝ፤ አካውንት እከፍታለሁ፣ ብር እሞላለሁ፣ ያሸነፈ ሰው ማውጣት ሲያቅተው አወጣለታለሁ። ከሚሞላው ላይ ለቤቱ ኮሚሽን ይታሰባል፤ ለእኔም ከደመወዜ ሌላ ትንሽ ትደርሰኛለች።

ጋሽ ቶሌራ ከወለጋ የመጡ፣ እሑድ ከቸርች የማይቀሩ ሰው ናቸው። ራሳቸው አንድም ቀን ትኬት ቆርጠው አያውቁም። «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ አስተናጋጅ ነኝ እንጂ በላተኛ አይደለሁም» ይሉኝ ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር።

እኔ ሰዓዳ እባላለሁ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ባምባሲ አጠገብ መሬት ያቀና ገበሬ ነው። የተወለድኩት ይህ ክልላችን ሲቋቋም ነው። እናቴ «አንቺና ክልሉ እኩያ ናችሁ፤ ሁለታችሁም ገና አልተስተካከላችሁም» እያለች ትቀልድብኛለች።

ሙያዬን ያገኘሁት ከአንድ የባምባሲ ሾፌር ነው። ሰውየው አሸንፎ ድርጅቱ አልከፍልም አለው፤ ከዚያ ገጹ ራሱ ጠፋ። ሾፌሩ መጥቶ እኛ በር ላይ ቁጭ አለ። አልተሳደበም፣ አልጮኸም፤ ስልኩን እያየ ዋለ። ጋሽ ቶሌራ ሻይ ከመግዛት ሌላ የሚያደርጉለት አልነበራቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ድርጅት ሳልፈትሽ ለደንበኛ ላልሰጥ ወሰንኩ።

አፈታተሼ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የፈቃድ ቁጥራቸውን አጣራለሁ። ቀጥሎ ከራሴ ትንሽ ብር አስገብቼ፣ ሳትጫወቺ አናወጣም እንዳይሉኝ በትንሹ ተጫውቼ፣ የቀረውን አወጣለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሚያቆዩኝ አያለሁ። የእርዳታ መስመራቸው ላይ የምደውለው ቅዳሜ ማታ፣ ጨዋታ በሚበዛበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው ካነሳ ቤቱ ቤት ነው። የተቋረጠ ጨዋታ እንዴት እንደሚታይ ደንባቸውን አነባለሁ። የአካውንቱን ስም ደግሞ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያያለሁ፤ እኛ ጋ ረመዳንና ራመዳን አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው።

ስሜ ወጣ። አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ሁሉም «ሰዓዳ የመረጠችውን» ይላል። ጋሽ ቶሌራ ኃላፊ ካሸር አደረጉኝ። ሰው አይጭበረበርም ብዬ በሙያዬ እኮራ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ኩራቴ ነው።

እትዬ ሀዋ የመጡት ከገበያ ሲመለሱ ነው። ከወንዝ ወርቅ የሚያጥቡ የበርታ ሴት ናቸው። በሚከናነቡት ቶብ ጫፍ አንዲት አሮጌ ሳንቲም ቋጥረው ይይዛሉ። ወርቅ ገዢ ጋ ሲገቡ ወርቁን ከማውጣታቸው በፊት ሳንቲሟን ሚዛኑ ላይ ያደርጋሉ። ክብደቷን ያውቁታል። ሚዛኑ ሌላ ከተናገረ ሳንቲማቸውን አንስተው ይወጣሉ። ይህን ልማዳቸውን ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።

«ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ልጄ ራመዳን ጉባ፣ ግድብ ይሠራል። ኳስ በስልክ ይጫወታል። ተው አልኩት፣ እምቢ አለ። ሰው ይላል፣ አንዱ ቤት ሌባ ነው፣ አንዱ ቤት አማና አለው። አንተ ታውቃለህ። አማና ያለውን ለእሱ ስጥ።» ሴት መሆኔ ጠፍቷቸው አይደለም፤ አማርኛ ሲናገሩ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው።

«የሚጫወትበት ብር የምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የደመወዝ። ያጠራቅማል፣ የመህር፣ የጥሎሽ ነው። ሚስት ሊያገባ ነው። ሲያገባ ይተዋል።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። እትዬ ሀዋ፣ ወርቅና ኳስ ለየቅል ናቸው፤ ሚዛኑ ልክ ቢሆን እንኳ ልጁ የሚያስቀምጥበት ወርቅ የለውም፣ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። የእሳቸው ሳንቲምና የእኔ አፈታተሽ አንድ ሆኖ ታየኝ። በመጨረሻ ሙያዬ የገባው ሰው አገኘሁ አልኩ።

ከሁሉ የማምነውን ድርጅት መረጥኩላቸው። «ሚዛኑ አይዋሽም?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ወላሂ አይዋሽም፣ አብሽሩ» አልኳቸው። ራመዳን ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ሲመጣ በመታወቂያው አካውንት ከፈትኩለት። እናትየው በሳምንቱ ማንጎ ይዘው መጡ፤ ከትከሻቸው ላይ ቅርጫቱን ተቀብዬ አወረድኩ።

መጀመሪያ ላይ ራመዳን በጥቂቱ ነበር የሚጫወተው። አንድ ቅዳሜ ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት አገጣጥሞ ሁሉም ገባለት። ድርጅቱ ሳያንገራግር ከፈለ። እትዬ ሀዋ ገበያ ውስጥ «የሰዓዳ ቤት አማና አለው» ብለው ተናገሩ። ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን ይልኩልኝ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ራመዳን ከጉባ ብሩን እየላከና እየደወለ በትልቁ ያስሞላኝ ጀመር። «አንድ ጨዋታ ናት ያቃጠለችኝ፤ ነገ አስመልሳታለሁ» ይለኛል። «አስመልሳለሁ» የሚል ሰው ወዴት እየሄደ እንደሆነ የማያውቅ ካሸር የለም። አውቄ ሞላሁለት።

አንድ ቀን ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። ለጋሽ ቶሌራ «የመህር ብር ነው፤ ልጁ እየጨረሰው ነው» አልኳቸው።

«እምቢ ብትዪው ሌላ ጋ ይሞላል» አሉኝ። «እዚያ ያለው ደግሞ ሌባ ቢሆንስ? አንቺ ጋ ቢያንስ አይሰረቅም።»

ንግግሩ የራሴ ነበር፤ ለደንበኛ ሁሉ ስለው የኖርኩትን ነው መልሰው የነገሩኝ። ወደ ወንበሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ክረምቱ ሲወጣ እናትና ልጅ አብረው መጡ። ራመዳን ከስቷል፤ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እትዬ ሀዋ ገብተው የቶባቸውን ጫፍ ፈቱና ሳንቲሟን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«የመህር ብር የለም» አሉኝ። «ሽማግሌ ይዤ ልመጣ ነበር። መጀመሪያ አንተን ልጠይቅ አልኩ። ሚዛኑ ዋሽቷል? አሳየኝ።»

የራመዳንን አካውንት ከፈትኩ። ያስገባውን፣ የተጫወተውን፣ የጨዋታውን ውጤት አንድ በአንድ እያነበብኩ ልጁን «ልክ ነው?» እለዋለሁ። «ልክ ነው» ይላል፣ መሬት መሬት እያየ። አንድም የተጭበረበረ ነገር አልነበረም። ያሸነፈው ተከፍሎታል፤ የተበላው ተበልቷል።

«ሌባ የለም?» አሉ።

«የለም፣ እትዬ ሀዋ።»

«ሌባ ከሌለ እኔ ማንን ልክሰስ?»

ምነው ሌባውን ድርጅት በመረጥኩላቸው ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው። ሌባ ቢሆን ፖሊስ ነበር፣ ሽማግሌ ነበር፣ የሚራገሙት ሰው ነበር። እኔ ግን በሙያዬ አጣርቼ፣ የሚይዙት ጫፍ የሌለው ንጹሕ ቤት ነው የሰጠኋቸው። ኮሚሽኑንም በልቻለሁ። ይህን አልነገርኳቸውም።

ሳንቲማቸውን አንስተው መልሰው ቋጠሩ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ቢንቲ፣ አፉ በለኝ» አሉ። «አንተ ጥሩ መረጥህ። ልጄ አሳፈረህ።»

የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ወደ በሩ ሄደው ከራመዳን እጅ አንድ ቅርጫት ተቀበሉና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ማንጎ ነበር። ተሰድቤ፣ ተተፍቶብኝ ብሆን ይቀለኝ ነበር።

የልጅቷ ቤተሰቦች ጥቂት ታገሡ፤ ከዚያ ለሌላ ዳሯት። ራመዳን ጉባ ቀረ፤ ለዒድ እንኳ አይመጣም ይባላል። እትዬ ሀዋ ገበያ ላይ ካዩኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ቶባቸውን ከሩቅ ሳይ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እዞራለሁ።

ሥራውን ለቀቅሁ። ጋሽ ቶሌራ አልተቆጡም፤ «ጥሩ ካሸር ነበርሽ» ብለው ሸኙኝ። ያም አሳፈረኝ። አሁን ባምባሲ ስልክ እጠግናለሁ።

ዛሬም ስክሪን ሊያስቀይር የመጣ ልጅ «ሰዓዳ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ የትኛው ቤት ነው የሚታመነው?» ይለኛል። አፈታተሼን አልረሳሁትም፤ ብጠየቅ አሁንም ልክ መልስ እሰጣለሁ። የምለው ግን ይህን ብቻ ነው፤ የሚታመን ቤት ያሸነፈን አይክድም፤ የሚከፍለው ግን ከራመዳን መህር ላይ ነው።