የማክሰኞ ዋና

ከሥራ የወጣሁት የነዳጅ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል፤ ዳውንታውን ያሉት የነዳጅ ኩባንያ ሕንፃዎች ፎቅ በፎቅ ባዶ እየሆኑ ሄዱ። እኔ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የምሠራበት ድርጅትም መጀመሪያ ኢንጂነሮቹን፣ ቀጥሎ እኛን ሌይ ኦፍ ብሎ ከሥራ ቀነሰ። ባለቤቴ ታክሲ ስለሚነዳ ቤታችን ብዙ አልተናጋም። እኔን የከበደኝ ጠዋት ተነስቼ የምለብስበት ምክንያት ማጣቴ ነበር።

ካስልሪጅ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ፒጃማዬን ሳላወልቅ እውላለሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እሱ ሺፍት ላይ፤ እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ያገኘሁትን እበላለሁ። የሥራ ቀሚሶቼ አንድ በአንድ አልዘጋ አሉኝ። ደሴ ላለችው እናቴ በቪዲዮ ስደውልላት ግን ደስ ይላታል። "ማሻአላህ፣ አማረብሽ፣ አሁን ገና ሰው መሰልሽ" ትለኛለች። ለእሷ መወፈር መመቸት ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ሠርግ ላይ የማውቃት ሴት አቅፋ ሳመችኝና፣ "ውይ፣ ምነው እንዲህ ወፈርሽ? ጂም ጀምሪ እንጂ" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ወዲያው ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ሠርጉ እስኪያልቅ ድረስ ሻሼን ሆዴ ላይ አድርጌ ከወንበሬ ሳልነሳ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ሲነሱ ስልኩን ተቀብዬ የማነሳው እኔ ሆንኩ። ሰው ሲጠራን አሞኛል እላለሁ። ሻወር የምወስደው መብራቱን ሳላበራ ነበር። ሐኪሜ ስለ እንቅልፌና ስለ ስሜቴ ጠይቃኝ፣ "ዲፕረሽን ሊሆን ይችላል፣ የምታናግሪው ሰው ላገናኝሽ" ስትለኝ፣ "ወፍሬ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም" ብዬያት ወጣሁ።

ጎረቤታችን አንዲት ኤርትራዊት እናት ነበሩ፤ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አስመራ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። እትዬ ነው የምላቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም ውሃ ውስጥ እንዲንቀሳቀሱ አዟቸዋል። ሰኔ ላይ አንድ ቀን በሬን አንኳኩ።

"ማክሰኞ ጠዋት የዋና ገንዳው ለሴቶች ብቻ ነው አሉ" አሉኝ። "ልጄ ሥራ ላይ ናት። አንቺ መኪና አለሽ፤ ውሰጅኝ።"

እምቢ የሚባሉ ሰው አይደሉም። አድርሼያቸው መኪና ውስጥ ለመጠበቅ አሰብኩ። ማክሰኞ ደርሰን ፓርክ ሳደርግ ግን እትዬ ቦርሳቸውን አቅፈው አልወርድም አሉ።

"ብቻዬን አልገባም። ውሃ እፈራለሁ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ የዋና ልብስ የለኝም።"

ቦርሳቸውን ከፈቱት። የእሳቸው ልብስ ላይ ሌላ ሰማያዊ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል፤ እጅጌውና ሱሪው ረጅም፣ የራስ መሸፈኛ ያለው፣ ሙስሊም ሴቶች የሚዋኙበት ዓይነት። ልኩ የእኔ ነው።

"ልጄን አስገዛኋት" አሉ። "በዚህ ፀሐይ የባልሽን ጃኬት ለብሰሽ ቆሻሻ ስትጥዪ በመስኮት አይሻለሁ። አልጠየቅኩሽም፣ አልጠይቅሽምም። ወይ አብረን እንገባለን፣ ወይ አብረን ወደ ቤት እንመለሳለን።"

ወደ ቤት ብንመለስ የጉልበታቸው ሕክምና በእኔ ምክንያት ሊቀር ነው። ወረድን።

ከልብስ መቀየሪያው በር እስከ ገንዳው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለኝ። ዓይኔን እርጥቡ ወለል ላይ ተክዬ ስሄድ የሁሉም ሴት ዓይን ሆዴ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ቀና ስል ማንም አላየኝም። ነጭ ሹሩባቸው ወገባቸው የሚደርስ ሕንዳዊት፣ ፑንጃቢ አሮጊት ከጓደኛቸው ጋር ይከራከራሉ። አንዲት እርጉዝ ሴት ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ከእኔ በእጥፍ የምትወፍር ሶማሊያዊት ከዳር ተነስታ ዘላ ስትገባ ውሃው አጠገቧ ያሉትን ሁሉ አረጠባቸው፤ እነሱም ሳቁ።

አሰልጣኟ የፊሊፒንስ ልጅ ናት። ሙዚቃውን ከፍ አድርጋ ውሃው ውስጥ ባለንበት እንድንሮጥ አዘዘችን። እትዬ ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

"እንዳትለቂኝ።"

"አልለቅዎትም።"

አሰልጣኟ በእንግሊዝኛ ስትቆጥር፣ አሮጊቷ በፑንጃቢ፣ እትዬ ደግሞ ድንገት በጣሊያንኛ ጀመሩ፤ "ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ።" ከልጅነታቸው የቀረችው ያቺው ብቻ መሆን አለባት፤ አራት ላይ ሲደርሱ ወደ ትግርኛ ዞሩ። አሰልጣኟ መቁጠሩን ትታ ሳቀች። እኔም ሳቄ መጣ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሩጫው ሲፈጥን እትዬ እግራቸው ሸርተት አለባቸውና በሙሉ ክብደታቸው እኔ ላይ ወደቁ። ከቆምኩበት ንቅንቅ አላልኩም።

"አየሽ?" አሉኝ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። "ያቺን ቀጭን ልጄን ይዤ ቢሆን ሁለታችንም ሰምጠን ነበር።"

በዚያን ቀን ሰዓቱ ሲያልቅ አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ውሃው ውስጥ ስቆይ ስለ ሰውነቴ አላሰብኩም ነበር። ውሃው ውስጥ ቀላል ነበርኩ፣ ደግሞም ሰው የሚደገፍብኝ ነበርኩ። መኪና ውስጥ ሆነን አሮጊቷ የሰጡንን ሳምቡሳ በላን። እትዬ የመጨረሻዋን ለሁለት ቆርሰው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳይቆጨኝ የበላሁት እሱን ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ መሄድ ልማድ ሆነ። ሐኪሜ ጋ ተመልሼ፣ "ያልሽኝን ሰው አሁን አገናኚኝ" አልኳት። አማካሪዋን ለወራት አነጋገርኳት፤ ከእሷ ጋር ሳወራ ሐዘኔ ከኪሎዬ የቀደመ መሆኑን፣ ሥራዬን ሳጣ የጀመረ መሆኑን ቀስ እያልኩ አየሁ። ክብደቴ ብዙም አልቀነሰም። መብራት አብርቼ መታጠብ ግን ጀመርኩ። ለእናቴ ዋና እንደጀመርኩ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ሰማያዊውን ልብስ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ስልክላት ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

መስከረም ላይ አሰልጣኟ በጀርባ መንሳፈፍ አስተማረችን። እትዬን አንድ እጄን ከጀርባቸው፣ አንዱን ከአንገታቸው ሥር አድርጌ ያዝኳቸው። ደርቀው ነበር፤ ቀስ በቀስ ለቀቁ። እጄን ዝቅ አደረግኩ። ተንሳፈፉ።

"ይዘሽኛል?" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

"ለቅቄዎታለሁ እትዬ።"

ዓይናቸውን ገለጡ፣ ግን አልፈሩም። "ታዲያ ዝም በይ" አሉኝ፤ "ትንሽ ልተኛበት።"

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ፑንጃቢዋ አሮጊት ሹሩባቸውን ጠቅልለው አጠገቤ መጡና ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ፤ ቀጥሎ እኔን ያዢኝ ማለታቸው ነበር። ከእሳቸው ኋላ ሶማሊያዊቷ ተሰለፈች። ሰዓቱ አልቆ የገንዳው ጠባቂ ፊሽካ ስትነፋ ማንም አልወጣም። ጠባቂዋ ሁለተኛ ነፋች፤ እኔ ገና አሮጊቷን ይዣለሁ፣ እትዬ ደግሞ መሃል ገንዳው ላይ ተኝተዋል።