ከጨሞ በፊት የምትዋጥ ኪኒን

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። በቴፒ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እኔ ሹራብ ደርቤ አስተምር ነበር። በእኛ አካባቢ የበረደው ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ይባላል፤ ምርመራው ግን ወባ አላገኘም። ቆይቶ ድምፄ ጎረነነ፣ ፊቴ አበጠ፣ እንቅልፍ አልጠግብ አልኩ። ድሮም ዓይን አፋር ስለሆንኩ ዝግታዬን ማንም እንደ ሕመም አልቆጠረውም።

አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠረኝ። ጋደም ስል ባሰብኝ። የቤት አከራዬ እማማ አለሚቱ ደግፈው አማን ከተማ ሆስፒታል ድረስ ወሰዱኝ።

ራጁ በሳንባዬ ዙሪያ ውሃ አሳየ። ፕሉራል ኢፉዥን ይባላል። በመርፌ ቀዱልኝ። ተመልሶ ሞላ። የሳንባ ነቀርሳ ተጠረጠረ፤ ምርመራው አላረጋገጠም። እሞታለሁ ብዬ ፈራሁ።

የነቀርሳ መድኃኒት ልጀምር ስል አንዲት ወጣት ሐኪም ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ አደረገች። እግሬ ተስፈንጥሮ ወደ ቦታው ሲመለስ ዘገየ። ደግማ መታችው።

«ድምፅሽ ድሮም እንዲህ ነው?» አለችኝ፤ መልሴ እስኪወጣም ጠበቀች።

«ኧረ የእሷስ እንደ ወፍ ቀጭን ነበር!» አሉ እማማ ቀድመውኝ።

የደም ምርመራው ከባድ ሃይፖታይሮይድዝም አሳየ፤ አንገቴ ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሥራዋን ልታቆም ደርሳ ነበር።

«እንቅርት የለኝም እኮ» አልኳት።

«ያለ እንቅርትም ይመጣል። ሳንባ ዙሪያ እንዲህ ውሃ መሙላቱ ብዙም የተለመደ አይደለም፤ ስትታከሚ ግን ይሄዳል።»

ዕጢዋ ያጎደለችውን የሚተካ ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን ታዘዘልኝ፤ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። በግቢያችን ግን ጎረቤት ማለዳ ተሰብስቦ ጨሞ ይጠጣል፤ በበርበሬና በቅመም የሚፈላ የቡና ቅጠል ነው። የተዘረጋልኝን ቅል እምቢ ማለት ስለማልችል ኪኒኔን በዚያው አወራርድ ጀመር። ለክትትል ስመለስ ብዙ አልተሻለኝም ነበር። ሐኪሟ ጠይቃ ደረሰችበት፤ አልተቆጣችም። «ኪኒኗ ትቅደም፤ ጨሞው ከዋጥሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ» አለች።

እማማ ይህን ሲሰሙ የግቢውን ሁሉ ጨሞ አዘገዩት።

«እኛም ታመምን እንዴ?» ብሎ አንዱ ጎረቤት አጉረመረመ።

«ቅጠሉ የትም አይሄድ! ጥማት ከጠናብህ ውሃ አለልህ» አሉት።

ከዚያ ወዲያ እብጠቱ ቀስ በቀስ ከፊቴ ወረደ፣ ድምፄ ተመለሰ፣ በኋለኛው ራጅም ውሃው ጠፍቶ ሐኪሟ ከእኔ በላይ ስትደሰት አየኋት፤ አሁን ወደ ትምህርት ቤቴ የሚያወጣውን ዳገት ከተማሪዎቼ ጋር እያወራሁ እወጣዋለሁ።

ያለ ምክንያት የሚበርዳችሁ፣ ድምፃችሁ የተለወጠ፣ ሳንባችሁ ዙሪያ ውሃ ተገኝቶ መነሻው የጠፋባችሁ፣ ስለ ታይሮይድ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ኪኒኑን ስትጀምሩም አብረዋችሁ ለሚኖሩት ንገሩ። ሐኪሟን ስለ ትዕግሥቷ አመሰግናታለሁ። ለእማማ ግን ምስጋናዬ ያንስብኛል፤ ዛሬም ቅሉን ከመስጠታቸው በፊት ዓይኔን እያዩ «ዋጥሽ?» ይሉኛል።