ስድስት መጋጠሚያ

በደብረ ማርቆስ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ሊቀመንበራችን ከረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ ቆማለች፤ ስፒሎቿ የተሰኩበት ትንሽ ትራስ ከግራ እጇ አንጓ ላይ ታስሯል፣ ከቦርሳዋ አፍ አንድ ጥቅል ነጭ ጥብጣብ ብቅ ብሏል። በመስኮቱ በኩል ሁለቱ ጡረተኛ ነርሶች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። ከእነሱ ቀጥሎ የደብረ ወርቋ እናት አሉ፤ የሟች ቄስ ባለቤት ናቸው፤ ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ፊት ለፊታቸው ገበያ ውስጥ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ሴት፣ ከጎኗም ሉማሜ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣችው መምህርት ቆመዋል። እኔ ከጠረጴዛው ግርጌ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፋለች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቀርቷል።

ጠረጴዛው ላይ በነጠላና በፌስታል የተጠቀለሉ ሰባት ቁራጭ ጨርቆች ተደርድረዋል። እነሱ ሲጋጠሙ አንድ መጋረጃ ይሆናሉ፤ መጋረጃው የሚሰቀለው እዚያው፣ በቤተ መጻሕፍቱ በሚከፈተው የሕፃናት ንባብ ክፍል ነው።

የጥልፍ ማኅበራችን ሰባት ሴቶች አሉት። እያንዳንዳችን አንድ ቁራጭ ወስደን ቤታችን እንጠልፋለን፣ እስከ መጋጠሚያው ቀን ድረስም አንዳችን የሌላችንን አናይም። ይህ ደንብ የወጣው በምክንያት ነው። በመጀመሪያው ሥራችን አንዷ የሌላዋን እያየች የራሷን ስትፈታ፣ እሷን ያየች ሌላዋም ስትፈታ፣ አንድ የአልጋ ልብስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል።

የመጋረጃውን ንድፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ መንገድ ከግራ ግርጌ ከሉማሜ ይነሣል፤ የይጁቤን ገበያ አልፎ፣ የገብስ ማሳ ሰንጥቆ፣ ሰባቱንም ቁራጭ እየተሻገረ ቀኝ ጫፍ ላይ ከጮቄ ተራራ ጅብራ ተክል ሥር ይደርሳል። ካርታ አይደለም፤ መንገዱ ያሰኘው ቦታ ይሄዳል፤ መካከሉ ላይ አንዲት አህያ ትጓዝበታለች። ነገር ግን ስድስት መጋጠሚያ አለው፣ ከስድስቱ በአንዱ እንኳ ከተዛነፈ መንገድ መሆኑ ይቀራል።

ንድፍ የማወጣበትን መንገድ ከመሥሪያ ቤት ነው ያመጣሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ በጸሐፊነት ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ በዚያው ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ በኋላ በኮምፒውተር። ወርሃዊ ሪፖርት የምንሠራበት የሠንጠረዥ ፕሮግራም ነበር። አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ሳለ የሠንጠረዡን ሳጥኖች አንድ በአንድ ቀለም ስቀባ የአበባ ጥልፍ መሰለኝ። አንዱ ሳጥን አንድ ስፌት። ጡረታ ስወጣ ያገለገለ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ገዝቼ ያንኑ ቀጠልኩ። ለአንድ ቁራጭ ስድስት ወረቀት አትማለሁ፤ ከላይ እስከ ታች በኮላ እናያይዛቸዋለን፤ ከሥር ካርቦን አድርገን ጨርቁ ላይ እንገለብጣቸዋለን። ካርቦን አጠቃቀምን ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ።

ሊቀመንበራችን ጡረታ እስክትወጣ የቤት ሳይንስ መምህርት ነበረች። እጇ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል። የኔን ንድፍ ከመጀመሪያውም አልወደደችውም፤ በሳጥን የተሠራ አህያ ሳጥን ነው የሚመስለው ትል ነበር። ድምፅ ተሰጥቶ በአራት ለሦስት አለፈልኝ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ቁራጮች አትሜ ሰጠሁ። ሴቶቹ ገልብጠው መጥለፍ ጀመሩ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ አንዴ ጠቅ አለና ጸጥ አለ። ከተማ ያለው ጠጋኝ ከፍቶ አሸተተውና፣ «ማዘር፣ እግዜር ያጥናዎት» አለኝ።

ሥራዬ አልጠፋም። የሠራሁትን ሁሉ ሁለት ቅጂ ማስቀረት የመሥሪያ ቤት ልማዴ ነው፤ ሁሉም በፍላሽ ተገልብጦ የልብስ ቁልፍ በማስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ነበር። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ስትሠራበት የኖረችውን ላፕቶፕ አመጣችልኝ። የሚሠራው ግን እኔ በማውቀው ሥርዓት ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፤ ለአሮጌ ማሽን ቀላል ስለሆነ ነው አለችኝ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ አሳየችኝ፤ እኔም በደብተር ጻፍኩ። ሰው ጓዳዬ ገብቶ ጨውና በርበሬውን ያቀያየረብኝ ያህል ነበር። ሁሉም አለ፣ የለመድኩት ቦታ ግን የለም። አማርኛ የምጽፍበትን ቁልፍ እንኳ ጣቴ አላገኘውም።

ከዚያ አምስተኛውን ቁራጭ ከፈትኩት። አህያዋ ከስታለች። ሳጥኖቹ ወደ ጎን ጠበዋል፣ መንገዱ እንደ መሰላል ቀጥ ብሏል። የእህቴ ልጅ፣ «አክስቴ፣ ይስተካከላል» አለች። እንዴት እንደሚስተካከል ግን ያን ቀን አላወቀችም።

ሐሙስ ስንሰበሰብ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ሊቀመንበራችን አልተሳለቀችም። የቀሩትን ሦስቱን በእጇ እንደምትስል፣ መንገዱን ከቆመበት እንደምታስቀጥለው ተናገረች። ባይገጥም በስድስቱም መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጥብጣብ ይሰፋበታል፣ ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል።

ክር ሻጯ ቀና አለች። «እትዬ፣ መንገዱ ላይ ስድስት ኬላ ሊዘረጉበት ነው?»

የደብረ ወርቋ እናት እንኳ ሳቁ። ሊቀመንበራችን ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ድረስ ጊዜ ሰጠችኝ። የማመጣው ወረቀት ከአራቱ ጋር ካልገጠመ የቀረውን እሷ ትስላለች፣ የአራት ሴቶች ጥልፍም መጋጠሚያ መጋጠሚያው ላይ በጥብጣብ ይሸፈናል፤ ከእንግዲህም ንድፍ በእጅ ይሆናል። ተስማማሁ።

ላፕቶፑን ይዤ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ከፍቶ አየና ፈገግ አለ። «ማዘር፣ ይሄ የተማሪ መጫወቻ ነው። ላጥፋውና ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ልጫንልዎት።»

ሲጭነው አህያዋ እንደምትወፍር ጠየቅኩት። ጭኖ እንደሚያየው ነገረኝ። ባትወፍርስ ይህን መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። የጠፋ ጠፋ አለኝ። እንግዲያው አይጥፋ ብዬ አቅፌው ወጣሁ። የጽሕፈት መኪናው በተነሣበት ዓመትም እድሜዬ ስለገፋ ኮምፒውተሩን ለወጣቶቹ እንድተው የመከሩኝ ነበሩ። እድሜዬ ያኔ አርባ አልሞላም።

ጀርባው ንጹሕ የሆነ ወረቀት አልጥልም። መሳቢያዬን ስፈትሽ ከአራተኛው ቁራጭ ቀለም ፈስሶበት ያስቀረሁትን አንድ ወረቀት አገኘሁ፤ ጀርባው ላይ የእድር ስብሰባ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ። ማስመሪያ አስቀመጥኩበት። አሥር ሳጥን አምስት ሴንቲሜትር፤ ወደ ጎንም ወደ ታችም። ስለዚህ አንዱ ሳጥን ግማሽ ሴንቲሜትር ነው። ይህን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። በድሮው ፕሮግራም የሳጥኑን ስፋት ያገኘሁት በሙከራ ነው፤ የሚጠይቀኝ ቁጥር የምን መለኪያ እንደሆነ ሳይገባኝ ዓመታት ሠርቼበታለሁ።

አዲሱን ከፍቼ ሳጥኖቹን በሙሉ መረጥኩና ስፋታቸውን የሚጠይቀውን ቦታ ፈለግኩ። አገኘሁት። ከቁጥሩ ጎን ሴንቲሜትር የሚል አለበት። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አየሁት። ሴንቲሜትር ነው። ልብስ ሰፊ የሚለካበት፣ እኔም በማስመሪያዬ ላይ የማየው። ግማሽ ብዬ ሞላሁ፤ ለቁመቱም ግማሽ። አህያዋ ወፈረች። መንገዱ ተኛ።

ፕሪንተሬን ሳገናኘው ላፕቶፑ ምንም ሳይጠይቀኝ አወቀው። የመጀመሪያውን ወረቀት አትሜ ከአሮጌው ጋር ደርቤ መስኮቱ ላይ አስጠጋሁት። ላይ ላይ ገጥሟል። ወደ ታች እየወረደ ግን ይሸሻል፤ ግርጌው ላይ አዲሱ በአንድ የገብስ ፍሬ ያጥራል። የገብስ ፍሬ በስድስት ወረቀት ሲባዛ መንገዱን ይበጥሳል። ደጋግሜ አተምኩ፤ ያው ነው። የእህቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። ክፍል ልትገባ ስትል ነው የደረስኩባት። እሷም፣ ሳጥኖቹ ልክ ከሆኑ የሚያሳጥረው ማተሚያው መሆን አለበት፤ ገጹን ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን የሚል ትእዛዝ እንዳለ ፈልጊ... አላለችም፤ «ይፈልጉ» ነው ያለችኝ፤ ለእኔ አንቺ ብላ አታውቅም። ፈለግኩ። ምልክት ተደርጎበታል። ምልክቱን አነሣሁት።

ቀጥሎ የወጣውን መስኮቱ ላይ ስደርበው አንድ ወረቀት ሆኑ። መስመሩ መስመሩን ሸፈነው። ጎረቤቴ በግቢው ስታልፍ መስኮት ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ አይታኝ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።

አሥራ ስምንቱን ወረቀት አትሜ እያንዳንዱን በማስመሪያ ለካሁ። ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበራችን አንዱን አንሥታ ከአሮጌው ጋር ደርባ አየችና መለሰችልኝ። ወረቀት መግጠሙ ጨርቅ መግጠሙ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኮላ ያሳጥራል፣ ካርቦን ይንሸራተታል። ስለዚህ ጥብጣቡ አልቀረም፣ ለመጋጠሚያው ቀን ተላለፈ። አምስተኛውን ለክር ሻጯ ስሰጣት ከአዲሱ ማሽን የወጣ የመጀመሪያው መሆኑን አልደበቅኳትም።

«እኔ የሰጡኝን ነው የምሰፋው» አለችኝ። «ካልገጠመ ግን የሚፈቱት እርስዎ ነዎት።»

ክረምቱን ሰባተኛውን ስጠልፍ ቆየሁ። በዚያው ማሽን የእድሩን ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፣ ለወንድሜ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ የእናቴን አሮጌ ፎቶ አጸዳሁ። ጣቶቼ ቁልፎቹን ማግኘት ጀመሩ። መስከረም ላይ ደብተሩን መክፈት ተውኩ። አራተኛውና አምስተኛው ግን ከሐሳቤ አልወጡም።

እንግዲህ የመጋጠሚያው ቀን በመጀመሪያ እንደተናገርኩት ቆመን ነበር። ሊቀመንበራችን ጥቅሎቹን በተራ ፈታችና ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ከዚያ መርፌና ስፒል ሳትነካ ሁላችንንም አየች።

«ማንም ጨርቅ እንዳይስብ» አለች። «የተሳበ ይገጥማል፤ ታጥቦ ሲደርቅ ነው ጉዱ የሚወጣው።»

ይህን የተናገረችው ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ግን እጇን አየሁት፤ በሙሉ መዳፏ አሳርፋ ነው የምታስተካክለው፣ በጣቷ አትጎትትም።

ከአራተኛውና ከአምስተኛው ጀመረች። ከግርጌ ስፒል እየሰካች ወደ ላይ ወጣች። የገብሱ ማሳ ገጠመ። የማሳው ድንበር ገጠመ። የደብረ ወርቋ እናት ጎንበስ ብለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ክር ሻጯ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። መንገዱ ጋ ስትደርስ ሊቀመንበራችን ስፒሉን በአፏ ይዛ ቆመች። የመንገዱ የላይኛው ጠርዝ ከጠርዙ ጋር፣ የታችኛውም ከታችኛው ጋር ነው። አህያዋ የፊት እግሮቿ በአምስተኛው፣ የኋላዎቹ በአራተኛው ላይ ናቸው፤ ሆዷ ላይ ስፌት እንዳለ አይታወቅም። ስፒሉን ከአፏ አውጥታ ሰካችው።

«ገጥሟል» አለች።

አምስተኛውና ስድስተኛው ገጠሙ። ስድስተኛውና የኔ ሰባተኛው ገጠሙ። ወደ ግራ ተመልሳ ሦስተኛውን ከአራተኛው ጋር አጋጠመች፤ ልክ ነው። ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር ስታጋጥም እጇ ቆመ። መንገዱ በሁለት ስፌት ያህል ዝቅ ብሏል። እንደገና ከግርጌ ጀመረች፤ ያው ነው። በመዳፏ ዳበሰችው። ሁለተኛው ቁራጭ የሷ ነው። ንድፉ ከድሮው ማሽን ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው።

ክር ሻጯ አፏን ከፈተችና የመምህርቷ ክርን ሲነካት መልሳ ዘጋችው።

«የኔ ነው» አለች ሊቀመንበራችን። «ክሩን አጥብቄ ስቤዋለሁ። ጨርቁ ተሰብስቧል።»

ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። መቀሷን አወጣች። ጥብጣቡን ከቦርሳዋ ስታነሣ ለመጋጠሚያው መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ወዲያ ጫፍ አስቀመጠችውና የራሷን ጥልፍ ከመንገዱ ጠርዝ መፍታት ጀመረች። ከነርሶቹ አንዷ ልትረዳት ቀረበች፤ በራሷ እንደምትጨርሰው ነገረቻት። ከፈታችው በኋላ ጨርቁ ተለቀቀ። እንደገና ጠለፈችው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ስትጨርስ አንደኛውንም አጋጠመችና ሰባቱን ይዘን ወደ መስኮቱ አነሣነው። መንገዱ ከሉማሜ ተነሥቶ ጮቄ ደረሰ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ።

ሊቀመንበራችን መጋረጃውን ለስፌት አጥፋ ጠቀለለችው። የምታስርበት ነገር ፈለገችና ነጩን ጥብጣብ ቆርጣ አሰረችው። የተረፈውን ጥቅል በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው።

«ለሚቀጥለው ንድፍሽ ማሰሪያ ይሁንሽ» አለችኝ። «ወረቀቶቹን እሰሪበት።»

ጥቅሉን አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጃንጥላዬን ከበሩ ጥግ አንሥቼ ወጣሁ።