ስድስት መቶ ጊዜ የተጠቀሰው የኢግሻን ጽሑፍ

ፕሮፌሰር ኢግሻን ጋላንት በኬፕ ታውን የሳንባ ነቀርሳና የዘረመል ተመራማሪዎች ዘንድ ስሙ የናኘ ሰው ነው። በምን ናኘ? እሱን አትጠይቁኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አላስችል አለኝ።

ወጣት ሳለ ነው፤ ከቲቢ የሚከላከል ዘረመል አገኘሁ ብሎ ጻፈ። የታመሙ ሰዎችን ደም ከጤነኞች ደም ጋር ማነጻጸር ነበር ሥራው። ታማሚዎቹን ከየክሊኒኩ ለቃቀመ። ጤነኛ ሰው ግን ደም ስጥ ሲባል እግሬ አውጪኝ ይላል። ስለዚህ አትሎን፣ አባቱ ሰፈር ሄደ። የአባቱ እህት እትዬ ጋዋ እሑድ ጠዋት ኮኮናት የነሰነሱበትን ትኩስ ኩክሲስተር የሚባል ጣፋጭ ጥብስ ሊጥ ይዘው በራቸው ላይ ቆሙና፣ «ደም ያልሰጠ አይበላም!» ብለው አወጁ።

ሰው ጎረፈ። ማን ማን? የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ልጅ። ታዲያ እነዚህ ሁሉ አንድ ዘረመል ቢጋሩ ምን ይገርማል? እሱ ያገኘው የቲቢ መከላከያ ሳይሆን የገዛ ዘመዶቹን ነው!

በኛ ሙያ የሰው ክብሩ የሚለካው ስንት ሰው ጽሑፉን ጠቀሰለት ተብሎ ነው። የኢግሻን ስድስት መቶ አለፈ። ዩኒቨርሲቲው ቁጥሩን አይቶ ፕሮፌሰር አደረገው፤ ማን ከፍቶ አንብቦ! ጠቃሾቹ ግን የሚሉት፣ «ማነጻጸሪያ ሰዎችን ከዘመድ መምረጥ የሚያመጣውን ጉድ ለማየት ጋላንትን ይመልከቱ» ነው።

እትዬ ጋዋ ይህን ከየት ይወቁት? ጽሑፉን በመስታወት አሠርተው ከመካ ሥዕል አጠገብ ሰቀሉት።

ባለፈው ክረምት ሳል ያዛቸው። ሳምንታት አለፉ፤ ቀሚሳቸው ሰፋ፣ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር። ልጆቻቸው ክሊኒክ እንሂድ ብለው ቢለምኗቸው ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ፣ «እኛን ቲቢ አይነካንም! ኢግሻን ጽፎታል። ከሱ ልትበልጡ ነው?» ይላሉ።

ኢግሻን ይህን የሰማ ቀን ፊቱ አመድ መሰለ። ቢሮዬ ከቢሮው አጠገብ ነውና መጥቶ በሬ ላይ ቆመ።

«ናስሪን፣ በናትሽ አብረሽኝ ነይ።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ያንን ወረቀት እንዳመኑ ከቀሩ ይሞታሉ። እውነቱን ከነገርኳቸው ደግሞ እኔን ይገድሉኛል።»

እሑድ ሄድን። ቤቱ በዘመድ ጢም ብሏል። እኔ እንደ ልማዴ ሳምቡሳው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ የጻፍኩት ስህተት ነው» አለ ኢግሻን።

«ዝም በል! ስድስት መቶ ምሁር ያጸደቀውን?»

«አላጸደቁትም። ላንብብልዎት።»

ስልኩን አወጣ። «የዘመድ ደም ለምርምር እንደማይሆን ጋላንት ሳያስበው አስተምሮናል» የሚለውን አነበበ። «እንዲህ ያለ ነገር ዳግም እንዳይታተም» የሚለውንም አነበበ። ከዚያ፣ «ይህ ጥናት ሳይሆን የቤተሰብ ፎቶ ነው» የሚለውን ጨመረ።

«ይሄኛውን የጻፈው ባለጌ ማነው?» አሉ እትዬ ጋዋ።

ኢግሻን ቀና ብሎ አየኝ። ጉድ ፈላ!

«እሷ ናት» አለ፣ ጨካኝ።

«አንቺ! ሳምቡሳዬን እየበላሽ?»

«እትዬ፣ እኔማ ለሳይንስ ብዬ ነው...»

«ሳይንስሽ ገደል ይግባ!» አሉና ሳል አቋረጣቸው። ረጅም፣ ክፉ ሳል ነበር። ማንም አልሳቀም። ትንፋሻቸው ሲመለስ ዓይናቸው ኢግሻን ላይ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ እየሰደቡህ ነው የኖርከው?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ኮርተው ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

«አንተ ሞኝ! እኔ የኮራሁት በወረቀቱ መሰለህ?» አሉ። እንባው ሲመጣበት ፊቱን አዞረ፤ እኔንም አሳዘነኝ። «በል፣ ብልቃጥህን አምጣ። አክታ አይደል የምትፈልገው?» አሉት።

ውጤቱ ወጣ፤ ቲቢ ነው። ግን አልረፈደም ነበር። መድኃኒቱን እያማረሩ ዋጡ፣ ልጆቻቸውም ተመረመሩ። ዛሬ ቀሚሳቸው ልክ ሆኗል፤ ምላሳቸውም እንደ ድሮው ነው።

ኢግሻን ስህተቱን የሚያርም አጭር ጽሑፍ አሳተመ። እስካሁን ከእትዬ ጋዋ በቀር የጠቀሰው የለም። እሳቸው ግን ሰፈር ውስጥ ማንም ባሳለ ቁጥር አንገቱን ይዘው፣ «ና ክሊኒክ! እኔን የጋላንትን ልጅ ያልማረ ቲቢ አንተን ሊምር ነው?» እያሉ ይጠቅሱታል።