ወገቡን ነው በላት

ታላቅ ወንድሜ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ሕመምተኞችንና ቤተሰባቸውን ማነጋገር ነው። ከካርድ ክፍሉ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ቢሮዬ የሚገቡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ሰው ደግፏቸው ካልሆነ አይመጡም። ከድሬ ጠያራ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ እግራቸው ጠቁሮ እያለ፣ "ሚስቴ ናት ያመጣችኝ፤ እኔስ ደህና ነኝ" ብለውኛል።

የወንድሜን ነገር ያስተዋልኩት አንድ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ እሱ ቤት ጫት ይዘን ተቀምጠን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ተነሣ። ሲመለስ ግድግዳውን ይዞ ነው። በር ላይ ሲሸኘኝ ጠየቅኩት።

"ሽንትህን ያምሃል?"

"ውሃ አብዝቼ ነው።"

በስንት ልመና ሆስፒታል መጣ። የዕለቱ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ቀስ ብላ፣ "አባባ፣ ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉና በጎንዎ ይተኙ" አለችው። አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ቀበቶውን አጥብቆ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩበት።

"ልጄ በምትሆን ሴት ፊት ሱሪ ላውልቅ? ወላሂ ሞት ይሻለኛል!"

"ሰኞ ወንድ ሐኪም አለ፤ ቀጠሮ አስይዝልሃለሁ።"

"እሺ" አለ። ሰኞ ግን አልመጣም። እኔም ሱቁ ሄጄ አልጎተትኩትም። ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ሽንትም ስለ መኝታም ሳላፍር አወራለሁ፤ ከወንድሜ ጋር ግን እስከ ሽበታችን እንዲህ ያለ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። አንዴ ጠይቄዋለሁ፣ ይበቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ክረምቱ ሲያልፍ ወገቡን ያመው ጀመር። ስፌት ላይ ማጎንበስ ያመጣብኝ ነው ይላል። መቆም ሲያቅተው ተሸክመን አመጣነው። ካንሰር ነበር፤ ከፕሮስቴት ዕጢ ተነሥቶ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ወንድሜ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ሐኪሙን ሰማው። ሐኪሙ ሲወጣ እጄን ያዘኝ።

"ሚስቴ ከጠየቀችህ ወገቡን ነው በላት። ቃል ግባልኝ።"

ቃል ገባሁ። ቤተሰብ እውነቱን ማወቅ አለበት እያልኩ ስንቱን የምመክር ሰውዬ፣ ልዋሽ አቦከር ሰፈር ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሚስቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች።

"ወገቡን ነው" አልኳት።

ቀና አላለችም። "የውስጥ ሱሪውን ማን የሚያጥብ ይመስልሃል?" አለችኝ። "ደሙን ካየሁ ዓመት አልፎኛል። እሱ ተደብቆ ሊያስለቅቀው ይሞክራል፤ እኔ ያላየሁ መስዬ ደግሜ አጥባለሁ። እንዳያፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አጠፋሁ አይደል?"

እንዲህ ያለች ሴት ቢሮዬ ብትመጣ የምለው ነገር አላጣም ነበር።

በሁለት ወሩ ሞተ። ሕመሙ ሲበረታበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትራሱን ይነክሳል፤ ማስታገሻ ይጨመርልህ ስለው "ተወኝ" ይለኛል። ለቅሶው ላይ ወንዶቹ ዙሪያዬን ተቀምጠው፣ "አላህ ይማረው፣ አንድ ቀን አመመኝ ሳይል ሄደ። ወንድ ነበር" አሉ።

"አዎ፣ ወንድ ነበር" አልኩ እኔም።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ውስጥ ለወንዶች የውይይት ሰዓት ጀመርኩ። አሥር ወንበር ደረደርኩ፤ ሁለት ሰው መጣ፤ አንደኛው የዓይን ክፍል ጠፍቶበት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወንበሮቹን መለስኩ።

በሽታው በዘር ሊሄድ ስለሚችል ወንድሞችም መመርመር እንዳለባቸው ሐኪሙ ነግሮኛል። የወንድሜ ሚስት ባገኘችኝ ቁጥር፣ "ተመረመርክ ወይ?" ትለኝ ነበር። "በሚቀጥለው ሳምንት" እላታለሁ። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው። አሁን አሁን መጠየቁንም ትታዋለች።